“የመጣውን ክፈችልኝ”፦ የድሮ ዘፈን በኢንተርኔት ሬዲዮ ለመስማት ሙሉ አሰራር

አባየ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ወንበሩን አውጥቶ የጣናን ንፋስ እየተቀበለ ሲቀመጥ ዘፈን ይፈልጋል። ድሮ ሁለት ካሴት የሚጎርስ ትልቅ ቴፕ ነበረን፣ የካሴት ማጫወቻው ሲበላሽ የሚሰራው ሰው ጠፋ፣ ካሴቶቹም ክራቸው እየተጠላለፈ አንድ ባንድ አለቁ። እኔም ዩቱብ አለ አይደል ብዬ ስልክ ሰጠሁት፣ አልሆነም። አንድ ዘፈን ያልቅና ማስታወቂያ ይገባል፣ ጣቱ ስክሪኑን ነካ ሲያደርገው ሌላ ነገር ይከፈታል፣ ከዛ “ነይማ ይሄን ነገር አጥፊልኝ” ይለኛል። በዛ ላይ “ማንን ልክፈትልህ?” ስለው መልሱ ሁሌም አንድ ነው። “የመጣውን።”

ይሄ “የመጣውን” ሚለው ነገር ቶሎ አልገባኝም ነበር። አባየ ያደገው በሬዲዮ ነው፣ ሬዲዮ ላይ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ጥላሁንን ስትጠብቁ ብዙነሽ በቀለ ትመጣለች፣ ወይ ደሞ መኖሩን ራሱ የረሳችሁት ዘፈን ሳትጠሩት ይመጣና ያኔ የት እንደነበራችሁ፣ ከማን ጋር እንደነበራችሁ ሁሉንም ይዞላችሁ ይመጣል። ዩቱብ ላይ ግን መፈለግ የምትችሉት የምታስታውሱትን ብቻ ነው። ስለዚ ለሱ ሚሆነው ሬዲዮ ነው ብዬ ወደ ኢንተርኔት ሬዲዮ ገባሁ፣ ብዙ ሞከርኩ፣ ብዙ ዳታም በላብኝ፣ አሁን ግን አንድ ነገር ብቻ ነክቶ ሚሰማበት ደረጃ ላይ ደርሰናል። እናት አባት ላላችሁም ለራሳችሁ ለምትፈልጉም አሰራሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጻፈው።

ነገሩ ምንድነው

የኢንተርኔት ሬዲዮ ማለት የጣቢያው ድምጽ ባየር ሞገድ ሳይሆን በዳታ ወይ በዋይፋይ ሲመጣላችሁ ነው። ኤፍኤም ሩቅ አይሄድም፣ ተራራ ከገጠመው ደሞ ጭራሽ ያበቃለታል፣ ስለዚ ባህር ዳር ሆናችሁ በተራ ሬዲዮ ያዲስ አበባውን ሸገር 102.1ን ልያዝ ብትሉ ጫጫታ ብቻ ነው ምትሰሙት። በኢንተርኔት ግን አዲስ አበባም ፓሪስም ሳንፍራንሲስኮም ለኛ እኩል ቅርብ ናቸው። ነገሩ አዲስም አይደለም፣ በፈረንጆች 1994 አሜሪካ ውስጥ ቻፕል ሂል ያለ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ጣቢያ ስርጭቱን በኢንተርኔት ማስተላለፍ ጀምሮ ነበር።

ጣቢያዎቹ ሁለት አይነት ናቸው። አንዱ በኤፍኤም እየተላለፈ በጎን በኢንተርኔትም ሚለቀው ነው፣ ዜናም አለው፣ ወሬም አለው፣ ማስታወቂያም አለው። ሌላው ከጅምሩ ለኢንተርኔት ብቻ ተብሎ የተከፈተው ነው፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ካንድ አይነት ሙዚቃ አይወጣም። አባየ ሁለቱንም ይወዳል፣ ጠዋት ወሬ ያለውን፣ ማታ ዘፈን ብቻ ሚያወርደውን።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን አዘጋጁ

ቤት ውስጥ መሳቢያ ውስጥ የተኛ አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ካለ እሱን አውጡት፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቢሆንም ችግር የለውም፣ ካሜራው ባይሰራም ግድ የለም። ለሬዲዮ ብቻ ብትመድቡት ይሻላል፣ ምክንያቱም በዋናው ስልክ ላይ ከሆነ ዘፈኑ መሀል ሲደርስ ስልክ ይደወላል፣ ሜሴጅ ጢው ይላል፣ ነገሩ ይበላሻል።

የስልኩ የራሱ ስፒከር ለዚህ አይሆንም። የድሮ ዘፈን ላይ ቤዝ ጊታሩ ነው መሬቱን ሚይዘው፣ በስልክ ስፒከር ግን ቤዙ ጭራሽ አይሰማም፣ ሳክስፎኑም ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር ካላችሁ ጥሩ ነው። ግን ቤት ውስጥ የቆየ ቴፕ ካለ ከመጣላችሁ በፊት ከኋላው እዩት። እኛ ቤት ያለው ቴፕ ካሴቱ ነው እንጂ የተበላሸው ስፒከሩና ማጉያው ደህና ነበር፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንት አመት ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ከኋላው ቀይና ነጭ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ አጠገቡ በእንግሊዝኛ “ላይን ኢን” ወይ “ኦክስ” ይላል። ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄዳችሁ ባንድ በኩል የጆሮ ማዳመጫ ጃክ፣ በሌላ በኩል ቀይና ነጭ ሹካ ያለው ገመድ ስጡኝ በሉ፣ ይሰጧችኋል። ቀዩን ከቀዩ፣ ነጩን ከነጩ፣ ጃኩን ስልኩ ላይ። ቴፑን ከካሴት ወደ ላይን ወይ ወደ ኦክስ አዙሩት። የስልኩን ድምጽ ወደ ሶስት ሩብ አካባቢ አድርጋችሁ ተዉትና ከዛ በኋላ መጨመር መቀነሱን በቴፑ ማዞሪያ አድርጉት፣ የስልኩ ድምጽ እስከ ጥጉ ከሄደ ይሰነጣጠቃል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ቀዳዳው አጠገብ “ፎኖ” ሚል ከሆነ እሱ ለሸክላ ማጫወቻ የተሰራ ነው፣ ስልክ ከሰካችሁበት ድምጹ ከመጠን በላይ ጎልቶ ይንጫጫል፣ ተዉት።

ያን ቀን ገመዱን ሰክቼ የመጀመሪያው ዘፈን ከዛ ቴፕ ሲወጣ አባየ ከወንበሩ ተነስቶ መጣና የድምጹን ማዞሪያ በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ እያደረገ አዞረው፣ ካሴቱ በደህናው ጊዜ ያዞረው እንደነበረው። ስልኩን አላየውም። ለሱ ድምጹ የመጣው ከቴፑ ነው።

ደረጃ 2፦ አፕ መምረጥ

አፕ ሞልቷል፣ ብዙው ግን ማስታወቂያ በየደቂቃው ሚወረውር ነው። እኔ ስሞክር ቆይቼ የቀረሁባቸውን ልንገራችሁ፣ እያንዳንዱ የራሱ ስራ አለው።

ሬዲዮ ጋርደን ለመዞር ነው። በፈረንጆች 2016 ኔዘርላንድ ውስጥ የተጀመረ ነው፣ ስትከፍቱት ምድር ክብ ሆና ትመጣለች፣ አረንጓዴ ነጥቦቹ ጣቢያ ያለባቸው ከተሞች ናቸው፣ በጣታችሁ እያዞራችሁ የፈለጋችሁት ከተማ ላይ ማረፍ ነው። ለመተዋወቅ በጣም ደስ ይላል፣ ልጆችም ይወዱታል፣ አባየ ግን ክቡ ሲዞርበት ጠፋብኝ ይላል።

ሬዲዮድሮይድ ለመምረጥ ነው። ሬዲዮ ብራውዘር ከሚባል ሰው ሁሉ ጣቢያ ሚጨምርበት ነጻ ማውጫ ነው ሚያነበው፣ ባገር፣ በቋንቋ፣ በሙዚቃ አይነት ትፈልጋላችሁ፣ ከሁሉም በላይ ደሞ እያንዳንዱ ጣቢያ ስንት ኪሎቢት እንደሆነ ከስሙ ስር ይጽፍላችኋል፣ ይሄ ዳታ ለምንቆጥብ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፣ ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ እመጣበታለሁ። መቅዳትም ይችላል።

ትራንዚስተር የመጨረሻው ነው፣ ለአባየ የጫንኩለት እሱን ነው። ምንም ነገር የለበትም፣ የመረጣችኋቸው ጣቢያዎች ዝርዝር ብቻ ነው ያለው፣ ማስታወቂያ የለ፣ አካውንት ክፈቱ የለ። ሬዲዮድሮይድንም ትራንዚስተርንም ኤፍድሮይድ ከሚባለው የነጻ አፖች መደብር ታገኟቸዋላችሁ። ኤፍድሮይድን ከራሱ ድረገጽ ብቻ አውርዱት፣ ስልኩ “ያልታወቀ ምንጭ” ብሎ ሲጠይቃችሁ ፍቀዱ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ፈቃዱን መልሳችሁ ዝጉት። ቴሌግራም ላይ ሰው የላከላችሁን ፋይል አትጫኑ።

ቪኤልሲ ደሞ ብዙዎቻችሁ ስልክ ላይ አለ፣ ብርቱካናማዋ ኮን። የጣቢያውን ሊንክ ካገኛችሁ እሱም ይጫወተዋል፣ ስልክ ላይ “ተጨማሪ” ሚለው ውስጥ ገብታችሁ አዲስ ስትሪም ሚለው ላይ ሊንኩን ፔስት ማድረግ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ኮንትሮልና ኤን ተጫኑና እዛ ላይ ፔስት አድርጉ። መጨረሻው ላይ “ኤም3ዩ” ወይ “ፒኤልኤስ” ሚል ሊንክ ካያችሁ አትደንግጡ፣ ትክክለኛው አድራሻ ውስጡ የተጻፈበት ትንሽ ፋይል ነው፣ ቪኤልሲ ራሱ አንብቦ ይከፍተዋል።

ደረጃ 3፦ ምን ብሎ መፈለግ

ሰው ብዙ ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል “ኦልዲስ” ብላችሁ ስትፈልጉ ሚመጣላችሁ የፈረንጅ ነው፣ እሱም ቢሆን ያሰባችሁት ላይሆን ይችላል። ኦልዲስ ድሮ በፈረንጆች የ50ዎቹንና የ60ዎቹን ዘፈን ሚያጫውቱ ጣቢያዎች ስም ነበር፣ ኒውዮርክ ያለው ሲቢኤስ ኤፍኤም 101.1 በፈረንጆች 1972 ወደ ኦልዲስ ሲዞር ከታወቁት ዋነኛው ሆኖ ነበር። አድማጩ እያረጀ ሲሄድ ግን ብዙዎቹ ስማቸውን ወደ “ክላሲክ ሂትስ” ቀየሩና አሁን የ80ዎቹን ነው ሚያበዙት። ስለዚ የ60ዎቹን ከፈለጋችሁ “60ስ”፣ “ሶል”፣ “ሞታውን”፣ “ዱዎፕ” ብላችሁ ፈልጉ፣ የኋለኞቹ ሶስቱ የዛን ዘመን የጥቁር አሜሪካኖች ሙዚቃ መጠሪያ ናቸው።

የኛውን ለማግኘት ሬዲዮድሮይድ ላይ በአገር ገብታችሁ ኢትዮጵያን ምረጡ። ስማቸው በላቲን ፊደል ስለሆነ ሚጻፈው አንዱ ጣቢያ በሁለትና በሶስት አጻጻፍ ሊኖር ይችላል፣ ሁሉንም ንኩና ሚከፍተውን ያዙ። ሸገር ከመዓዛ ብሩ ጨዋታ ጀምሮ ያገር ወሬ ለሚወድ ሰው ነው፣ የድሮ ዘፈንም ቦታ ሚሰጥ ጣቢያ ነው። በአገር ፈልጋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ደሞ በቋንቋ አማርኛ ብላችሁ ድገሙት፣ ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን የከፈቷቸው ኢትዮጵያ ስር አይመጡም።

ከፈረንጆቹ እኔ ምወዳቸውን ልጥቀስ። ሶማ ኤፍኤም ሚባል ሳንፍራንሲስኮ ያለ ባድማጭ መዋጮ ሚተዳደር ጣቢያ አለ፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ብዙ ቻናል አለው፣ ከነሱ ውስጥ “ሰቨን ኢንች ሶል” ሚለው የድሮ ሶል ዘፈኖችን ከትንንሾቹ ሸክላዎች ነው ሚያጫውተው፣ የሸክላው ጭርጭርታ ሳይቀር ይሰማል። ሬዲዮ ስዊስ ጃዝ ደሞ ወሬ የለውም፣ ሙዚቃ ብቻ ነው። የፈረንሳዩ ፊፕ ከሁሉም ይቀላቅላል፣ ከጃዝ ወደ አፍሪካ ከአፍሪካ ወደ ሶል ይሄዳል፣ እሱ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ ሳታስቡት ሊመጣላችሁ ይችላል። በፈረንጆች 1997 ፈረንሳይ ውስጥ ኢትዮፒክስ ሚባለው ተከታታይ ሲዲ መውጣት ከጀመረ ወዲህ የኛ የድሮ ሸክላዎች ውጭ አገር ጣቢያዎች እጅ ገብተዋል።

የኛን ብቻ እንጂ የፈረንጁን ምን ያደርግልኛል ለምትሉ ደሞ ይሄን ልንገራችሁ። አንድ ማታ ሰቨን ኢንች ሶል ከፍቼ አንድ ዘፈን ጀመረ፣ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ አንድ ላይ ሲገቡ አባየ ቀና አለና “ይሄማ የኛ ነው” አለኝ። ድምጻዊው በእንግሊዝኛ ሲጀምር ዝም አለ፣ እግሩ ግን አላቆመም። እውነቱን ነው፣ በፈረንጆች የ60ዎቹ የኛ ባንዶች ያን የሶል ሙዚቃ እየሰሙ ነው የሰሩት፣ አስመራ በነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው የጦር ጣቢያ በኩል ሬዲዮውም ሸክላውም ይገባ ነበር። አለማየሁ እሸቴን ስትሰሙ ጄምስ ብራውንን ምትሰሙት ለዛ ነው። አምሃ እሸቴ በፈረንጆች 1969 አምሃ ሪከርድስን ሲከፍት የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመው ያለማየሁን ነበር። ከዛ ደሞ ጌታቸው መኩሪያ አለ፣ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጣው፣ እሱ ከማንም አልወሰደም። ስለዚ ግማሽ ሰዓት ሶል ግማሽ ሰዓት የኛን እያፈራረቃችሁ ስሙ፣ የትኛው ከየት እንደመጣ ጆሯችሁ ራሱ ይለየዋል።

ደረጃ 4፦ ዳታ ስንት ይበላል

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ሰው ሬዲዮ ከፍቶ ሲተኛ ፓኬጁ አልቆ ሚነሳው ይሄን ስለማያይ ነው።

እያንዳንዱ ጣቢያ ቁጥር አለው፣ 32፣ 64፣ 128፣ አንዳንዱ 320 ኪሎቢት በሰከንድ ይላል። ስሌቱ ቀላል ነው፣ ቁጥሩን ለሁለት ክፈሉትና ትንሽ ቀንሱለት፣ የቀረው በሰዓት ሚበላው ሜጋ ነው። 32 ሚለው በሰዓት 14 ሜጋ ተኩል አካባቢ፣ 64 ሚለው 29 ሜጋ፣ 128 ሚለው 58 ሜጋ፣ 320 ሚለው 144 ሜጋ። አባየ በቀን ሁለት ሰዓት ይሰማል እንበል፣ በ64 ከሆነ በወር 1.7 ጊጋ ገደማ ነው፣ በ128 ከሆነ 3.5 ጊጋ። ዩቱብ ምስሉንም ይዞ ስለሚመጣ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው።

ታዲያ የድምጹ ጥራት አይወርድም ወይ? ለድሮ ዘፈን ያን ያህል አይታወቅም። ብዙ የድሮ ሸክላ ዘፈን የተቀዳው በሞኖ ነው፣ ግራና ቀኝ አንድ አይነት ድምጽ ነው ያለው፣ ብዙ ዳታ ብትሰጡትም ሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው። ዋናው ነገር ቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን፣ ማለትም ድምጹ የታመቀበትን አይነት ማየት ነው። “ኤኤሲ ፕላስ” ሚል ከሆነ 64ም ቆንጆ ነው፣ 32ም ለወሬ ይሆናል። “ኤምፒ3” ሚል ከሆነ ግን ከ64 በታች አትውረዱ፣ ሲምባሉና ሳክስፎኑ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሚጫወት ይመስላል፣ ክራርም ከሆነ ክሩ ሲነካ ያለው ጥርት ያለ ነገር ይጠፋል። ብዙ ጣቢያ አንዱን ስርጭት በሁለትና በሶስት ቁጥር ይለቀዋል፣ እየቀያየራችሁ አንዱን ዘፈን አዳምጡና ልዩነቱ ካልተሰማችሁ ትንሹን ያዙ።

ከጫናችሁ በኋላ ደሞ ሳትገምቱ ለኩት። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም ሚለው ጋ እያንዳንዱ አፕ የበላው ተጽፏል፣ አንድ ሰዓት ሰምታችሁ እዩት። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆናችሁ የቀረውን ፓኬጅ በ *804# ማየት ትችላላችሁ፣ የሌሊት ፓኬጅ ሚገዛ ሰው ከሆናችሁ በዛ ሰዓት 128ን ክፈቱትና በደንብ አጣጥሙት።

ደረጃ 5፦ ሚቆራረጠውን ማስተካከል

ማታ ሰው ሁሉ ኔት ላይ ሲሆን ዘፈኑ ይቆማል፣ ይጀምራል፣ ይቆማል። ሁለት መፍትሄ አለ። አንዱ ቁጥሩን መቀነስ ነው፣ ከ128 ወደ 64 ወርዳችሁ ሞክሩ። ሁለተኛው ቡፈር መጨመር ነው፣ ቡፈር ማለት አፑ ከመጫወቱ በፊት አስቀድሞ ሚያጠራቅመው ድምጽ ነው፣ ልክ ውሃ ሳይጠፋ በባልዲ እንደምናስቀምጠው። ቪኤልሲ ላይ ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ ሚለው ጋ “ኔትወርክ ካሺንግ” ሚል አለ፣ ቁጥሩ በሚሊ ሰከንድ ስለሆነ 10000 ካላችሁት 10 ሰከንድ ማለት ነው። ሲጀምር ትንሽ ያስጠብቃል፣ ከዛ በኋላ ግን ለጥቂት ሰከንድ ኔት ቢጠፋ እንኳን ሳይታወቅ ያልፋል።

የስልኩም ቦታ ይወስነዋል። እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ሁለት መስመር ነው ኔቱ፣ መስኮቱ ጋ ሲቀመጥ አራት ይሆናል፣ ስለዚ ቴፑንም ስልኩንም መስኮቱ ጋ አደረግናቸው። በጀልባ ወደ ዘጌ ምትሄዱ ከሆነ ደሞ ሀይቁ መሀል ላይ ኔት ስለሚደክም ቀድታችሁ ሂዱ፣ አቀዳዱን ታች ጽፌዋለሁ።

ደረጃ 6፦ ለእናት ላባት አንድ ቁልፍ ማድረግ

ለኔ ከሁሉም ሚበልጠው ይሄ ደረጃ ነው፣ ይሄን ካልሰራችሁ ያለፈው ሁሉ ለናንተ ብቻ ነው ሚሆነው።

ትራንዚስተርን ክፈቱ፣ የመደመር ምልክቱን ንኩና የጣቢያውን ስም ፈልጉ ወይ ሊንኩን ፔስት አድርጉ። ከሶስት ጣቢያ በላይ አታስገቡ። እኔ መጀመሪያ አስራ ሁለት አስገብቼ ነበር፣ አባየ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሲጠፋው ስልኩን አስቀምጦ ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ እኔም ልቤ ተነካ፣ ምርጫ ሲበዛበት ተመልሶ ዩቱብ መሆኑ ነው። አሁን ሶስት ናቸው፣ ያማርኛ ወሬ፣ ያማርኛ ዘፈን፣ የፈረንጅ ዘፈን።

ቀጥሎ ስዕሉን ቀይሩት። ጣቢያው የራሱ ምልክት አለው፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ ትንሽ ነገር፣ ላባየ ምንም አይነግረውም። ትራንዚስተር ላይ የጣቢያውን ስዕል ከስልካችሁ ፎቶ መቀየር ይቻላል። ለዘፈኑ የቴፓችንን ፎቶ አንስቼ አደረግኩለት፣ ለወሬው የጋዜጣ ፎቶ፣ ለፈረንጁ የሸክላ ፎቶ። ከዛ ጣቢያውን ለማስተካከል ሚከፈተው ውስጥ “ሆም ስክሪን ላይ አስቀምጥ” ሚል አለ፣ እሱን ስትነኩ ስዕሉ ብቻውን የስልኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይወጣል። ሌላውን አፕ ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ አንሱ፣ ሶስቱ ስዕል ብቻ ይቅር።

ከዛ ሶስት ነገር ይቀራል። አንደኛ ባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለትራንዚስተር ገደብ የለውም ሚለውን ምረጡለት፣ አለበለዚያ አንዳንድ ስልክ ስክሪኑ ሲጠፋ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ሬዲዮውን ይዘጋዋል፣ ብዙ ሰው ኔት ጠፋ ሚለው ይሄንን ነው። ሁለተኛ የስክሪን ቁልፉን አንሱት፣ ፓተርንም ፒንም አይኑር፣ የግል ነገር የሌለበት ስልክ ነው። ሶስተኛ አፕዴት በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አድርጉ፣ ካልሆነ ለሬዲዮ የገዛችሁትን ፓኬጅ አፕዴት ይበላዋል።

ደረጃ 7፦ ሰዓቱን ማወቅ

የውጭ ጣቢያ ላይ ምትወዱት ፕሮግራም ካለ አንድ ነገር ያዙ፣ እኛ አመቱን ሙሉ ሰዓት አንቀይርም፣ እነሱ ይቀይራሉ። ለንደን ማታ በነሱ 8 ሰዓት ላይ ሚጀምር ፕሮግራም ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ አካባቢ እኛ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ ከዛ ወዲያ ደሞ 5 ሰዓት ይሆናል። ፕሮግራሙ ጠፋ ብላችሁ ጣቢያውን ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ሰዓት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሞክሩ።

ሲያስቸግራችሁ

“ባላችሁበት አገር አይገኝም” ካለ የጣቢያው ጥፋት አይደለም፣ የዘፈን መብት በየአገሩ ስለሚከፈል ብዙ የአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች ከአገራቸው ውጭ ይዘጋሉ። ቪፒኤን እየቀያየሩ መታገል አያዋጣም፣ ፍጥነቱም ይወርዳል፣ ተመሳሳይ ሚያጫውት ሌላ ጣቢያ ፈልጉ። ትናንት ሲሰራ የነበረ ጣቢያ ዛሬ ዝም ካለ ሊንኩ ተቀይሮ ይሆናል፣ ሬዲዮድሮይድ ላይ ስሙን ደግማችሁ ፈልጋችሁ አዲሱን አስገቡ።

ዘፈኑ የማን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ስሙ ብዙ ጊዜ አፑ ላይ ከጣቢያው ስም ስር ይጻፋል። ያማርኛው ሲሆን ላይጻፍ ይችላል፣ ያኔ አጠገባችሁ ያለውን ትልቅ ሰው ጠይቁ። አባየ ገና ማጀቢያው ሲጀምር “ይሄ ክቡር ዘበኛ ነው” ወይ “ይሄ ፖሊስ ኦርኬስትራ ነው” ይለኛል፣ ድምጻዊው ሳይገባ። እኔም ደብተር ይዤ ቀኑን፣ ዘፋኙን፣ እሱ ያለኝን እጽፋለሁ። ሙሉቀን መለሰ በመጣ ቁጥር ደሞ “የጎጃም ልጅ ነው” ማለቱ አይቀርም፣ እሱንም እጽፈዋለሁ።

መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ ስልኩ ላይ ትንሽም ቢሆን የሞባይል ዳታ ይኑረው፣ ቴፑ በድንጋይ ሚሰራ ከሆነ ባትሪ ድንጋይ ገዝታችሁ አስቀምጡ፣ ካልሆነ ቻርጅ የተደረገ ብሉቱዝ ስፒከር። ዳታው ራሱ ሲጠፋ ደሞ ያለው መፍትሄ አስቀድሞ መቅዳት ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ እዚህ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ቤት ውስጥ የነበረን ዘፈን ቀድቼ ያስቀመጥኩት ብቻ ነበር፣ ጎረቤት ያሉ እማማ ሳይቀሩ እየመጡ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር። ሬዲዮድሮይድ ላይ ጣቢያው እየተጫወተ መቅጃውን ስትነኩ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፣ ለራሳችሁ መስሚያ ብቻ ይሁን። በ64 ኪሎቢት የተቀዳ ከሆነ 8 ጊጋ ሚሞሪ ላይ ከ250 ሰዓት በላይ ይገባል። ወደ ፍላሽ ገልብጣችሁ በሌላ ማጫወቻ ምትሰሙት ከሆነ ኤምፒ3 ሚያስተላልፍ ጣቢያ ምረጡ፣ ብዙ የፍላሽ ማጫወቻ ኤኤሲን አያነብም። ፋይሉን አትቆራርጡት፣ ዘፈን በዘፈን ለዩት አትበሉ፣ ሁለት ሰዓቱ እንዳለ ይቀመጥ፣ አሁንም የመጣውን ነው ሚሰማው።

በመጨረሻ ይሄን ሞክሩ። ሁሉንም ከጨረሳችሁ በኋላ ስልኩን ሙሉ በሙሉ አጥፉና ለሱ ስጡት፣ ያብራው፣ ስዕሉን ይንካው፣ እናንተ አጠገቡ አትቁሙ። እኔ ወጥቼ ግቢ በር ጋ ቆምኩ። ስልኩ እስኪበራ ትንሽ ቆየ፣ ቀጥሎ ቴፑ ትንሽ ኮሽ አለ፣ ከዛ ክላርኔት ሰማሁ።